ጃንሆይን በሎሚ አይሹ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የድሮ የመዳብ ሳንቲም

ከአዲስ አበባ ዳር ዳር የደረሱንን ስድስት ጥያቄዎች በዚህ እትም አንድ ላይ አድርገናቸዋል። ሁሉም ስለ ድሮ የመዳብ ሳንቲም ናቸው። አንዳንዶቹን ደብዳቤዎች አሳጥረናል።

«የፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ። በወር ከ500 ብር በላይ ለዚህ ነገር ማውጣት አልችልም። ጠገራ ብር እንደሆነ አይቀመስም። የመዳብ ሳንቲም ልሰብስብ ብል ከየት ልጀምር? ስንት ዓይነትስ አለ?» — ከሰበታ

መዳብ ለትንሽ ኪስ ይመቻል፤ ዋናው ምክንያት ደግሞ ዝርዝሩ አጭር መሆኑ ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያለውን ብቻ እይዛለሁ ካሉ ዘጠኝ ዓይነት ለመነሻ ይበቃል። ሁለቱ የምኒልክ ናቸው፤ የብር መቶኛና የብር 32ኛ፣ ሁለቱም ፲፰፻፹፱ የሚል ዓመት የተጻፈባቸው። ሁለቱ የ1923 ናቸው፤ ባለ 1 እና ባለ 5 መቶኛ። የቀሩት አምስቱ ፲፱፻፴፮ የተጻፈባቸው ናቸው፤ 1፣ 5 እና 10 ሳንቲም፣ ከዚያም 25 ሳንቲም በሁለት መልክ፣ አንዱ ክብ፣ ሌላው ጠርዙ ሞገድ የሠራ። ከዚህ በታች ልዩ ልዩ የቅርጽ ዝርያ እየለዩ መሄድ ይቻላል፤ ነገር ግን ያ ለሦስተኛው ዓመት ይቆይ።

የግዢው ቅደም ተከተል ከዓመቱ ተራ ጋር የተገላቢጦሽ ይሁን። ከ1936ቱ 5 እና 10 ሳንቲም ይጀምሩ። እነዚህ ሳንቲሞች ዓመታቸው ሳይለወጥ እስከ ንጉሡ ዘመን ፍጻሜ ድረስ ሠላሳ ዓመት ያህል ሲመቱ ስለኖሩ በየቤቱ ቆርቆሮ ውስጥ አይጠፉም። ብዙ ስላሉ ደግሞ ለ«ድሮነቱ» ምንም ተጨማሪ አይክፈሉ፤ የሚከፍሉት ለይዞታው ብቻ ነው። ይዞታውን የሚያዩት ከፍ ብለው ከተቀረጹት ቦታዎች ላይ ነው። በአንዱ ገጽ የንጉሡ ጸጉርና ጆሮ፣ በሌላው የአንበሳው ፊትና ጎፈር ቀድመው ይፋቃሉ። ጸጉሩ ክር በክር የሚለይ፣ ጎፈሩም ያልጠፋ ሳንቲም ካገኙ ፊቱ የለሰለሰውን አሥሩን ትተው እሱን አንዱን ይውሰዱ። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ገንዘቡን የሚጨርሰው ብዛት ሲያሳድድ ነው፤ በኋላ ሊሸጠው ቢፈልግ ከቁርጥራጭ መዳብ የኪሎ ዋጋ በላይ የሚሰጠው አያገኝም።

የመጀመሪያውን ወር ምንም ባይገዙ ጥሩ ነው። ገንዘቡን ለሦስት ዕቃ ያውሉት፦ አሥር ጊዜ የሚያጎላ ትንሽ አጉሊ መነጽር፣ እስከ 0.01 ግራም የሚለካ የወርቅ ቤት ዓይነት ዲጂታል ሚዛን እና ትንሽ ማግኔት። ገንዘቡ ካልበቃ ሚዛኑ ለሁለተኛው ወር ይቆይ፤ ማግኔቱን ከተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ማውጣት ይችላሉ።

የት ይገኛል ላሉት፣ ቸርችል ጎዳና ያሉ የቅርሳ ቅርስ ሱቆች ዋጋቸው ለቱሪስት የተቆረጠ ነው፤ ለማየትና ለመማር ይግቡ፣ ለመግዛት ግን አይቸኩሉ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ይሻላል፤ እዚያም በጠዋት መድረስ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን በርዎ ድረስ የሚመጣው ቆራሌ ነው። እሱ ከየቤቱ የሚገዛውን መዳብ መልሶ ለመጋዘን የሚሸጠው በኪሎ ነው። አንዱ 5 ሳንቲም ወደ 4 ግራም ስለሚመዝን 250 ፍሬ ገደማ አንድ ኪሎ ይሆናል። እንግዲህ «ሳንቲም ስታገኝ ከኪሎው ላይ አትደባልቀው፣ ለኔ አሳየኝ፣ ከመጋዘኑ እጥፍ እከፍልሃለሁ» ብለው ለሁለት ሦስት ቆራሌ ቢነግሩ እሱም ይጠቀማል፣ እርስዎም ከሱቅ ዋጋ እጅግ ባነሰ ይመርጣሉ። «አጥበህ አታምጣው» የሚለውን ማከል አይርሱ፤ ለምን እንደሆነ ቀጣዩ ጥያቄ ይናገራል።

የምኒልክን መቶኛ በአንድ ወር በጀት ላይደርሱበት ይችላሉ። ሦስት ወር ያጠራቅሙ፣ ቢያንስ ከሦስት ሻጭ ዋጋ ይጠይቁ፣ የተበሳ ወይም ለአንገት ጌጥ ተብሎ ጆሮ ተበይዶበት የተነቀለ እንዳይሆን ጠርዙን ዙሪያውን ይዩ። የብየዳ ጠባሳ አናቱ ላይ ሸካራ ሆኖ ይታያል። የተበሳ ሳንቲም እንደ ታሪክ ደስ ይላል፤ እንደ ስብስብ ግን ዋጋው የወደቀ ነው። እያንዳንዱን ግዢ በደብተር ይያዙ፦ ተራ ቁጥር፣ ዓይነት፣ ክብደት፣ ስፋት፣ የተገዛበት ቀን፣ ዋጋ።

«የአያቴን ዕቃ ሳገላብጥ ያገኘኋቸውን 14 የጃንሆይ ሳንቲሞች በሎሚና በአመድ አሸኋቸው። መጀመሪያ እንደ አዲስ አበሩ። አሁን ግን ሮዝ መሰሉ፣ አንዳንዱም ተዥጎረጎረ። ምን አጠፋሁ? መመለስስ ይቻላል?» — ከቡራዩ

እህታችን፣ ይህን ያላደረገ ጀማሪ ጥቂት ነው። መዳብ ከአየር ጋር እየተገናኘ በዓመታት ውስጥ ስስ ቡናማ ቆዳ ያበጃል። ይህ ቆዳ ቆሻሻ አይደለም፤ ከሥሩ ያለውን መዳብ ከተጨማሪ ዝገት የሚከላከል መጋረጃ ነው። የሎሚው አሲድ ያንን ቆዳ አሟሟው፣ ጥሬውን መዳብ አወጣው፤ ሮዝ የመሰለዎት የጥሬ መዳብ ቀለም ነው። አመዱ ደግሞ ውስጡ አሸዋ አይጠፋውም፤ በአጉሊ መነጽር ቢያዩት ፊቱ በሙሉ በቀጫጭን ጭረት ተሞልቶ ያገኙታል። መዥጎርጎሩ የመጣው አሲዱ ከፊደሎቹ ሥር ተደብቆ ስለቀረና በአግባቡ ስላልታጠበ ነው።

ጭረቱ አይመለስም። ቀለሙ ግን በራሱ ጊዜ ይመለሳል። አሁን የሚያስፈልገው የቀረውን አሲድ ማውጣት ነው። በብርጭቆ ዕቃ የተጣራ ውሃ ያድርጉ። የተጣራ ውሃ ማለት ለመኪና ባትሪ የሚጨመረው ነው፤ ማደያ ሲገዙ «ውሃ» ብለው ይጠይቁ፣ የባትሪ አሲድም በተመሳሳይ ጀሪካን ስለሚሸጥ ጽሑፉን ያንብቡ። ሳንቲሞቹ እንዳይነካኩ ለየብቻ ያስቀምጡ፣ ውሃውን በየቀኑ እየቀየሩ ለሦስት ቀን ይዘፍዝፉ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሳያሹ ነካ ነካ እያደረጉ ያድርቁ። በወረቀት ፖስታ አድርገው ዓመት ሁለት ዓመት ቢያቆዩአቸው ይጠቁራሉ። ቶሎ ይጥቆር ብለው በተቀቀለ ዕንቁላል ወይም በእሳት አይሞክሩ፤ የሚመጣው ጥቁረት የሐሰት መሆኑ ለሚያውቅ ሰው ከሩቅ ያስታውቃል።

ከእንግዲህ ለሚያገኟቸው፦ ጭቃና አቧራ ከሆነ የተጣራ ውሃ ለ24 ሰዓት ብቻውን ይበቃዋል፤ ከፊደል መሐል ያልወጣውን በእርጥቡ እያለ በእንጨት ስቴኪኒ ጫፍ ይግፉት፣ መርፌ ወይም ምላጭ ግን አይንካው። ቅባት ወይም የማጣበቂያ ትርፍ ከሆነ ንጹሕ አሴቶን ውስጥ አሥር ደቂቃ። ለጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ቀለምና ቅባት የተጨመረበት ስለሆነ አይሆንም። አሴቶን እሳት ይስባልና ከከሰል ምድጃ ያርቁት፣ መስኮት ይክፈቱ። በረኪና፣ ኮምጣጤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የድስት ሽቦ፣ እነዚህ ወደ ሳንቲሙ ዝር አይበሉ። በረኪና በተለይ ክሎሪን ስላለው የባሰ መዘዝ ያመጣል፤ እሱን ወደታች እንመለስበታለን።

«አንድ ሰው የጃንሆይ 50 ሳንቲም ነው፣ ብር ነው ብሎ ሸጠልኝ። ሳምንት ሳይሞላው ጠርዙ ላይ ቀይ ነገር ታየ። ተታለልኩ?» — ከለገጣፎ

በኛ ግምት የገዙት በብር የተለበጠ 25 ሳንቲም ነው። ይህ ማታለያ ደግሞ የዛሬ አይደለም። የ1936ቱ ሳንቲሞች ተቀርጸው፣ የመጀመሪያዎቹ በአሜሪካ ፊላደልፊያ ተመትተው፣ ሐምሌ 16 ቀን 1937 በወጣው የገንዘብ አዋጅ የምሥራቅ አፍሪካን ሽልንግ ሲተኩ፣ ከመዳብ የተሠራው 25 ሳንቲምና ከብር የተሠራው 50 ሳንቲም ሁለቱም ክብ፣ ስፋታቸውም ተቀራራቢ ነበር። ብልጦች መዳቡን በብር እየለበጡ በእጥፍ ዋጋ ያልፉበት ጀመር። ክቡ 25 ሳንቲም ተሰብስቦ ጠርዙ ሞገድ ሆኖ እንዲወጣ የተደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። ዛሬ ሞገደኛው በብዛት የሚገኘው፣ ክቡ የሚፈለገውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ልባጡን ተጸይፈው አይጣሉት፤ በዘመኑ የተለበጠ ከሆነ እሱም የታሪኩ አካል ነው፣ የብር ዋጋ መክፈልዎ ግን ያሳዝናል።

ሳይቧጭሩ የሚያረጋግጡበት መንገድ አለ። በሚዛኑ ላይ በትንሽ ብርጭቆ ውሃ ያስቀምጡና ወደ ዜሮ ይመልሱት። ሳንቲሙን አስቀድመው በደረቁ መዝነውታል እንበል፣ 7.00 ግራም። አሁን በቀጭን ክር አስረው ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያጥልቁት፤ ክሩን በእጅዎ ይዘው፣ ሳንቲሙ ታችም ጎንም ሳይነካ። ሚዛኑ የሚያሳየው ሳንቲሙ የገፋውን ውሃ ነው። ደረቁን ክብደት ለዚያ ቁጥር ያካፍሉ። 0.79 ካሳየ 7.00 ለ0.79 ሲካፈል 8.9 ገደማ ይመጣል፤ ያ መዳብ ነው። 0.70 ካሳየ 10 ይመጣል፤ ያ የ50 ሳንቲሙ ዓይነት ብር ነው። 8 ወይም ከዚያ በታች ከመጣ ብረት ወይም ዚንክ ያለበት ነገር ይጠርጥሩ።

ስሌቱን የሚያበላሸው አየር ነው። ሳንቲሙ ላይ የተጣበቀች አንዲት አረፋ ተካፍሎ የሚመጣውን ቁጥር ወደ ታች ትጎትተዋለች፤ ውሃው ውስጥ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ቢጨምሩ አረፋው አይጣበቅም። ሦስት ጊዜ ለክተው አማካዩን ይውሰዱ። ለ1 ሳንቲም ግን ብዙ አይመኑት፤ ክብደቱ ትንሽ ስለሆነ የሚዛኑ የ0.01 ስህተት እንኳ ውጤቱን ያናጋዋል።

ሌላ መጠንቀቂያ እንጨምር። ክቡ ስለሚፈለግ የሞገደኛውን ጥርስ በሞረድ አስልሶ «ክቡ ነው» ብሎ ለማቅረብ የሚሞክር ሊኖር ይችላል። እንዲህ የተደረገበት ከመደበኛው ይጠባል፣ ዙሪያውን ከፍ ብሎ የሚታየው ክፈፍም በየቦታው ይሳሳል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ከጎኑ ሌላ 25 ሳንቲም አስቀምጦ ማስተያየት ይበቃል።

«የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ያሉኝ ሳንቲሞች ሁሉ 1936 ይላሉ፣ የትኛው እንደሚቀድም እንዴት አውቃለሁ? አንዱ ደግሞ መሐሉ የተበሳ ነው፣ ተበላሽቶ ነው? ማግኔት የሳበው ሁሉ ሐሰት ነው ይባላል፣ እውነት ነው?» — ከገላን

ከዓመቱ ማወቅ አትችልም፤ 1936 የቅርጹ ዓመት ሆኖ ቀርቷል እንጂ የተመታበት አይደለም። ተመሳሳይ ሳንቲሞችን ጎን ለጎን አድርገህ የፊደሉን ውፍረትና የአንበሳውን ቅርጽ በአጉሊ መነጽር ማስተያየት ጀምር፤ ልዩነት ስታይ በደብተርህ ሣለው።

የተበሳው ላይ የዝሆን ጥርስ ሥዕልና በላቲን ፊደል «ኢስት አፍሪካ» የሚል ካለ አልተበላሸም። ሲሠራ ጀምሮ ቀዳዳ አለው። ከ1941 እስከ 1945 በፈረንጆች፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ የእንግሊዝ ምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግና ሳንቲሙ በአገራችን ይሠራበት ነበር። የተጻፈበት ዓመት የፈረንጅ ነው። 5 እና 10 ሳንቲሙ ነሐስ ስለሆኑና ሰው ስለሚንቃቸው በርካሽ ታገኛቸዋለህ፤ ከኢትዮጵያው ስብስብ አጠገብ ሁለት ሦስቱን ብትይዝ ዘመኑ ይሟላልሃል።

ማግኔቱን በሚመለከት፣ መዳብን አይስብም፤ መዳብ ነው የተባለህን ከሳበ አትግዛ። ለሌላው ግን ደንቡ አይሠራም። የ1923ቱ 10፣ 25 እና 50 መቶኛ ከኒኬል የተሠሩ ናቸው፣ ኒኬል ደግሞ በማግኔት ይሳባል፤ ትክክለኛ ሆነው ነው የሚሳቡት። የ1969ኙ 5 እና 10 ሳንቲም ናስ ስለሆኑ አይሳቡም፣ ቅርጻቸው ያው ሆኖ ከ1990ዎቹ ማብቂያ ወዲህ የተመቱት ግን ውስጣቸው ብረት፣ ላያቸው የናስ ልባጥ ስለሆነ ይሳባሉ። እነዚህን ሁለቱን ከቤትህ ዝርዝር ሳንቲም ውስጥ በማግኔት መለየት ምንም ሳንቲም የማያስወጣ ጥሩ ልምምድ ነው። የግእዝ ቁጥር ማንበብም ከአሁኑ ልመድ፦ ፲፱፻፳፫ 1923፣ ፲፱፻፷፱ 1969።

«ከአክሱም አካባቢ የመጣ ነው የተባለ፣ ከጥፍር ብዙ የማይበልጥ፣ መስቀል ያለበት መዳብ ሊሸጥልኝ የሚፈልግ ሰው አለ። ዋጋው ከበጀቴ አይወጣም። ልግዛ?» — ከካራ

አይግዙ። ሐሰት ከሆነ ገንዘብዎ ይሄዳል፣ እውነት ከሆነ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከንጉሥ እንዲቢስ ጀምሮ፣ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ገንዘብ መትተዋል። መጀመሪያ ጨረቃና ክብ ነበረበት፤ መስቀል የገባው በዒዛና ዘመን ነው። በአንዳንዱ መዳብ ላይ መስቀሉ ወይም የንጉሡ ራስ ዙሪያ በወርቅ ይለበጥ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ከመሬት ሲወጣ ቅርስ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቁፋሮም ሆነ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ አለበት፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። ሻጩ የት፣ መቼ፣ እንዴት እንደተገኘ ሊያስረዳ ካልቻለ እርስዎም ነገ ማስረዳት አይችሉም። ማየት ከፈለጉ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ይሂዱ፤ የመግቢያው ክፍያ ከዚያ ሰው ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

«ክረምት ሲገባ ሳንቲሞቼ ላይ እንደ ዱቄት ያለ ብሩህ አረንጓዴ ነገር ወጣ። በጨርቅ ብጠርገውም ተመልሶ መጣ። የማስቀምጣቸው ባለ ኪስ የፕላስቲክ አልበም ውስጥ ነው።» — ከሱሉልታ

መጀመሪያ የትኛው አረንጓዴ እንደሆነ ይለዩ። ጠንካራ፣ ጠቆር ያለ፣ በስቴኪኒ ሲነኩት የማይነሳ ከሆነ የረጋ ነው፤ አይንኩት። የሚያጣብቅ፣ ቅባት የመሰለ ከሆነ ከአልበሙ የመጣ ነው፤ በንጹሕ አሴቶን ይለቃል። ደረቅ ዱቄት ሆኖ፣ ሲጠርጉት ከሥሩ ጉድጓድ ትቶ፣ በቀናት ውስጥ የሚመለስ ከሆነ ግን ከባዱ እሱ ነው። ክሎራይድ (በጨው ውስጥ እንዳለው ያለ የክሎሪን ውህድ) ሳንቲሙ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ ከላብ፣ ከጨው፣ ከበረኪና ወይም ከራሱ ከፕላስቲኩ። እርጥበትና አየር ሲያገኝ አሲድ ይፈጥራል፣ አሲዱ መዳቡን ይበላል፣ ከዚያም እንደገና ይጀምራል። ለዚህ ነው መጥረግ የማይበቃው፣ ለዚህም ነው ክረምትን የሚጠብቀው።

የታመሙትን ከሌሎቹ ይለዩ። ዱቄቱን በስቴኪኒ አንስተው ሳንቲሙን በተጣራ ውሃ ይዘፍዝፉ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ውሃውን በየቀኑ፣ ከዚያ በኋላ በሳምንት አንዴ እየቀየሩ ከአንድ እስከ ሁለት ወር። ሥራው አሰልቺ ነው፤ በአሥር ቀን ያቋረጠ ሰው ግን በሚቀጥለው ሐምሌ ያንኑ ዱቄት ያገኘዋል። ሲጨርሱ አሴቶን ውስጥ ነክረው ያውጡ፣ ውሃውን ይዞት ይሄዳል። አሴቶኑ ሙሉ በሙሉ ተኖ ካለቀ በኋላ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ጠፍቶ ሙቀቱ እጅ የሚያስችል ሲሆን በወረቀት ላይ አድርገው ለአንድ ሰዓት ያቆዩት። ከዚያ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ማሰሮ፣ ከጫማ ካርቶንና ከመድኃኒት ዕቃ ውስጥ ከሚገኙት የእርጥበት መሳቢያ ፍሬዎች ጋር ይዝጉበት። ፍሬዎቹ እርጥበት ከጠገቡ አይሠሩም፤ ከከረጢታቸው አውጥተው በምጣድ ላይ በለስላሳ ሙቀት ሁለት ሰዓት ቢያደርቋቸው እንደገና ያገለግላሉ።

አልበሙን ይመርምሩት። ለስላሳ፣ እንደ አዲስ የሻወር መጋረጃ የሚሸት ፕላስቲክ ብዙውን ጊዜ ክሎሪን ያለበት ፒ.ቪ.ሲ. ነው። ማረጋገጫው ራሱ መዳብ ነው። ልባሱ የተገፈፈ የኤሌክትሪክ ሽቦ በፒንሳ ይዘው በጋዝ ምድጃ ነበልባል ላይ ቀለም እስከማይሰጥ ድረስ ያግሉት፣ በትኩሱ ከአልበሙ ጥግ ላይ ይንኩና መልሰው ነበልባሉ ውስጥ ያስገቡት። እሳቱ ደማቅ አረንጓዴ ካበራ አልበሙ ለመዳብ አይሆንም። ጭሱ መርዘኛ ነውና ደጅ ላይ፣ ነፋሱን ከጀርባዎ አድርገው ይሥሩት።

በምትኩ ለቅመማ ቅመም መሸጫ የሚውሉትን ዚፕ ያላቸው ቀጫጭን ከረጢቶች ይጠቀሙ፤ ብዙዎቹ ፖሊኢታይሊን የሚባለው ክሎሪን የሌለው ፕላስቲክ ናቸው፣ በዚያው ሽቦ ፈትነው ይለዩአቸው። ከረጢቱ ውስጥ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ያስገቡ። በላስቲክ ቀለበት አይሰሯቸው፤ ላስቲኩ ውስጥ ያለው ድኝ መዳቡ ላይ ጥቁር መስመር ያትማል። ሳንቲም በያዙ ቁጥር እጅዎን ታጥበው፣ አድርቀው፣ ከሥር ፎጣ ዘርግተው፣ በጠርዙ ብቻ ይያዙት።